ይርገዱ እምቢ ያለችበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለባሌም አልተናገርኩም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላሉት ለንስሐ አባቴ በጾም ወተት መጠጣቴን፣ ከእህቴ ጋር መኮራረፌን፣ ሰው ማማቴን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል፤ እኔ "ይኸው ነው አባ" እላለሁ። ዓመታት ሙሉ "ይኸው ነው አባ" እያልኩ ኖሬያለሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝ አትለዩኝም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ። እንድታዝኑልኝ ፈልጌ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ሳትጨርሱ አትፍረዱልኝ።

አንዲት ሴት እምቢ አለች። እኔ እሺ ብላለች አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

አባቴ በረሃቡ ዘመን ከጭልጋ በእግሩ ወጥቶ ገዳሪፍ የገባ ሰው ነው። ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ጆንያ ከመሸከም ተነስቶ የራሱ መጋዘን እስኪኖረው ደረሰ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ወጣ ሲሉ ዐረብኛ። ቤት ማህሌት ነኝ፤ ትምህርት ቤት ግን ማሃ ነበርኩ። ለሕክምና ትምህርት ያለፍኩ ጊዜ አባቴ በግ አርዶ ሰፈሩን አበላ። ገና አንድ መጽሐፍ ሳልገልጥ ጎረቤቱ ሁሉ "ዶክቶራ" ይለኝ ጀመር፤ እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ሆስፒታል ገብተን በሽተኛ አጠገብ መማር ስንጀምር ግን ዶክቶራነቴ እስከየት እንደሚያደርሰኝ ገባኝ። ወንዶቹ ቁስል ሲሰፉ እኛ ሴቶቹ መብራት እንይዛለን። ወንዶቹ ሲያዋልዱ እኛ መዝገብ እንጽፋለን፤ በሽተኛዋን "አይዞሽ" እንላለን። እኔ ቀዶ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ብዬ አንድ ቀን ብናገር መምህራችን ፈገግ ብሎ "የባልሽን ምሳ ማን ሊሠራ ነው?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያችን ሳቄን ዛሬ ባስታወስኳት ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ። ምን አሳቀኝ? አጠገቤ ከቆመው ልጅ ይልቅ መጽሐፉን የማውቀው እኔ አልነበርኩም?

በዚህ ላይ ሐበሻነቴ አለ። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ የልብ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ ጥዬ አልጋዋ አጠገብ ብቆም፣ አንዲት በሽተኛ ሻይ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ክፋት አልነበረባትም። በዚህ ከተማ የእኔ መልክ ያላት ሴት ወይ ሻይ ትሸጣለች ወይ የሰው ቤት ትጠርጋለች፤ አልቋል፣ ተወስኗል። ንድድ አልኩ። የተናደድኩት ግን በማን ነበር? ሻይ በሚሸጡት ሴቶች ነበር። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ እኔ እንደ ሰው እታይ ነበር ብዬ በእነሱ ተናደድኩ። ይህንንም ከጥፋቶቼ ጋር ያዙልኝ።

አሁን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ፤ ደብተሩን ካላወቃችሁ የሠራሁት አይገባችሁም። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ነበረን። አንድን ነገር በገዛ እጃችን ስንሠራ መምህሩ ገጹ ላይ ይፈርምልናል፤ ፊርማ የጎደለው ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም። የእኔ የማህፀን ምርመራ ገጽ ባዶ ነበር። የሴቶቹ ሁሉ ገጽ ባዶ ነበር። ወንዶቹ ከፊት ይሰለፋሉ፤ ተራው እኛ ጋ ሲደርስ በሽተኛዋ ታለቅሳለች፣ መምህሩም ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። የሴትን ገላ መመርመር እንኳ ለወንዶቹ ቅድሚያ የተሰጠበት ትምህርት ነበር የተማርነው።

የምንማርባቸው ሴቶችስ እነማን ነበሩ? የባለ መጋዘን ሚስት አልነበረችበትም። እናቴ ያን ጊዜ ታማ ስትተኛ በር ያለው ክፍል ተሰጥቷታል፤ ያው መምህራችን ነው ያከማት። ሲገባ አንኳኩቶ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንኳኳ፣ እናቴ "ግቡ" እስክትል ቆሞ ጠበቀ። ተማሪ የሚባል ከኋላው አልነበረም። የደሀ ሴቶች ክፍል ግን በር የለው፣ መጋረጃ የለው። እዚያ የሚተኙት ከቁረይሻና ከዚያ ወዲህ ካሉት እርሻዎች የሚመጡ ነበሩ። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከቋራና ከመተማ ድንበር የተሻገሩ፣ ክረምቱን ጭቃ ላይ የከረሙ ሴቶች ናቸው። እነሱ አልጋው ላይ ከወጡ የትምህርት መሣሪያ ሆኑ ማለት ነው። በነፃ መታከም ማለት ለስምንት ሰው መገለጥ ማለት ነው ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው የለም።

አንድ ቀን መምህሩ ለብቻዬ ጠራኝ። ሐበሾቹ ሴቶች እግራቸውን እየገጠሙ አስቸገሩን፤ አንቺ ቋንቋቸውን ስለምታውቂ አስረጂያቸው፤ ያስረዳሻትን ሴት መጀመሪያ የምትመረምሪው አንቺ ነሽ፣ ገጽሽ ላይም እፈርምልሻለሁ አለኝ። አስረጂ ነው ያለኝ። ጠይቂ አላለኝም። የሁለቱ ልዩነት ያኔ ገብቶኝ ነበር? ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ብዬ ከጀመርኩ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው።

ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሻችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አማርኛዬን ክፍሉ ውስጥ እደብቀው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አማርኛዬ ከወንዶቹ ፊት የሚያቆመኝ ነገር ሆነ። አንዳንዶቹ ሴቶች በእውነት እሺ አሉ። አንዳንዶቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እሺታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ይርገዱ መጣች።

ይርገዱ የቋራ ሴት ናት። ቁረይሻ ሰሊጥ ስታርም ደም ይፈሳት ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅ እያሰረች ስትሠራ ቆይታ፣ ሲብስባት በትራክተር ተሳቢ እስከ ዶካ ከተማ፣ ከዚያ በጭነት መኪና እኛ ዘንድ ደረሰች። ባሏ አረሙን ጥሎ መምጣት አልሆነለትምና ብቻዋን ነበረች። ጥፍሮቿ ውስጥ ጭቃው ገና አልለቀቀም። አጠገቧ ተቀምጬ በአማርኛ እንዴት አደርሽ ስላት ፊቷ በራ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

አባቴ የጭልጋ ሰው መሆኑን ነገርኳት። እጄን ይዛ ሳመችው። በዚህ አገር ከመጣች ወዲህ እንደ ሰው ያነጋገረቻት የመጀመሪያዋ እኔ መሆኔን ነገረችኝ። እኔ ደግሞ እጄ በእጇ ውስጥ እንዳለ፣ አሁን ሐኪሙ እንደሚመረምራት፣ ከእሱ ቀጥሎ ተማሪዎቹ እንደሚመረምሯት አስረዳኋት። አስረጂ ተብዬ አልነበር? ይርገዱ ቀና ብላ እግርጌዋ የቆሙትን ወንዶች አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ልጀ፣ ሐኪሙስ ይሁን፣ ሐኪም ነው። እነዚህ ጎረምሶች ግን አይዩኝ፤ ሞቼ እገኛለሁ። አንች ብቻ እይኝ። ሴትም ነሽ፣ ያገሬም ልጅ ነሽ።"

ቃሉ ይህ ነው። አንዱንም አልጨመርኩም፣ አንዱንም አልቀነስኩም። መምህሩ ጓንቱን እያጠለቀ ምን አለች አለኝ።

እምቢ ብላለች ማለት እችል ነበር። በዐረብኛ ሁለት ቃል ናት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ብናገር ምን እሆን ነበር? ፊቱን ያጠቁርብኝ ነበር፤ ወንዶቹ ይስቁብኝ ነበር፤ ገጼም ባዶውን ይሰነብት ነበር። ይኸው ነው የሚደርስብኝ። እኔ ግን "እኔ አብሬያት እስካለሁ ድረስ እሺ ብላለች" አልኩት። ልብ በሉ፤ ውሸቱን የሠራሁት ከራሷ ቃል ነው። እኔን ማመኗን ወስጄ በእሷው ላይ እሺታ አደረግሁት።

መምህሩ መረመራት። ቀጥሎ በተገባልኝ ቃል መሠረት እኔ መረመርኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ታገሠችኝ። ከዚያ ወንዶቹ ተራ በተራ ቀረቡ። የመጀመሪያው ሲቀርብ ዓይኗን ገልጣ እኔን ፈለገች።

"ልጀ፣ ምን አልሽው? ነገርኩሽ እኮ" አለችኝ።

"አይዞሽ፣ አለቀ" አልኳት። አላለቀም ነበር። እግሮቿን ለመግጠም ስትሞክር ጉልበቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ነርሷ አይደለችም፣ ወንዶቹ አይደሉም። እኔ ነኝ። በዚህ እጄ ነው።

በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምንሰማ ሦስት ነበርን። ሦስተኛዋ እትዬ ፈንታዬ ናት፤ ወለሉን የምትወለውል የመተማ ሴት። ሁሉን ሰምታለች። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀና አለችና በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ "ያ ዶክተር፣ ማ ዳይራ" አለችው። አትፈልግም ማለቷ ነው። እጇንም ወደ ወንዶቹ ዘርግታ አሳየችው፤ እነዚህን አትፈልግም።

ያን ያህል ሊቃውንት በተሰበሰበበት እውነቱን የተናገረችው ጠራጊዋ ነበረች። መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይሰጣል? እኔ ምን አልኩ? "ጠራጊ ናት" አልኩ። "የቋራን አነጋገር በደንብ አትሰማውም፤ ብትሰማስ የሕክምና ነገር ምን ታውቃለች?" አንዱ ልጅ ሳቀ። መምህሩ እትዬ ፈንታዬን ባልዲዋን ይዛ እንድትወጣ በእጁ አመለከታት። ስትወጣ እኔን አላየችኝም፤ ይርገዱን ነው ያየቻት። በሳምንቱ መጨረሻ ያች ጠራጊ በሥራችሁ ትገባለች ወይ ተብዬ ብጠየቅ አዎ አልኩ። ከሥራ ወጣች።

የእኔ ደብተር ተፈረመበት።

መምህሩ በምርመራው ማህፀኗ በር ላይ እብጠት አግኝቶ ነበር። በማግስቱ ናሙና እንዲወሰድላት፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና እንዲታሰብላት አዘዘ። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ አልጋው ባዶ ነው። የጉሉኮሱን መርፌ በገዛ እጇ ነቅላ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች። መምህሩ ትከሻውን ነቅንቆ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ ለራሳቸው አያውቁም አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን እንደሄደች ከዚያ ሁሉ ጋውን ለባሽ መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ ዶካ የሚሄዱት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ከሆስፒታሉ በባለ ሦስት እግሯ ሩክሻ ትንሽ መንገድ ነው። አልሄድኩም። ባገኛት ምን ልላት ነበር? ይህን ጥያቄ ሰበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ተመረቅሁ። ያ ሳቅ የተሳቀበትን ቀዶ ሕክምናም ተማርኩ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ንዴቴ አልበረደም፤ በመምህሩ፣ በወንዶቹ፣ ባለ ገንዘቧ ዘንድ አንኳኩቶ ገብቶ ደሀዋን ገልጦ በሚያሳየው አሠራር ስንገበገብ ኖርኩ። ስብሰባ ላይ ስለ ሴት ተማሪዎች ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ያጨበጭብልኛል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ እደግመዋለሁ። ግን ከመድረኩ ላይ ስለ ይርገዱ አንድም ቀን አላነሳሁም። የተበደልኩትን እየተናገርኩ የበደልኩትን ደበቅሁበት።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ብዙ ተማሪዎች ወደ እኛ መጡ፤ ክፍሎቹ ሞሉ፣ እኔም አስተማሪ ሆንኩ። አሁን ደብተር ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። በዚህ ክረምት ከኒው ሀልፋ የሸንኮራ እርሻ የመጣች አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። አንዷን ሴት ተማሪ ሄደሽ አነጋግሪያት፣ ተማሪዎቹ ይመረምሯታል በያት አልኳት። ልጅቷ ሄዳ ተመለሰች።

"ዶክቶራ፣ እምቢ ብላለች" አለችኝ።

"እንደገና አስረጂያት።"

"አስረድቻታለሁ። ገብቷታል። እምቢ ብላለች።"

ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ኀፍረት አይደለም። ቁጣ ነው። ከተማሪዎቼ ፊት የተደፈርኩ መሰለኝ። የልጅቷን ደብተር ተቀብዬ ገለጥኩት፤ ገጿ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን እያወቀች ነው እምቢታውን ያመጣችልኝ። አየችኝ፣ አየኋት። ተማሪዎቹን ወደ ሌላ ክፍል ውሰጂያቸው አልኳትና እኔ ወጥቼ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ፈንታዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ ቤቷን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ጠይቄ ነው። አሁን የሠርግና የተዝካር ወጥ ትሠራለች፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቤቷ ስደርስ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ባምያ ትከትፋለች። አርጅታለች። ማን እንደሆንኩ ልነግራት አፌን ስከፍት "አውቄሻለሁ፤ ተቀመጭ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት፤ መከተፏን አላቆመችም። መምህሩ እንዲህ ብሎ፣ ደብተሩ እንዲህ ሆኖ፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ እየቀረን እያልኩ ስዘበዝብ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"የት እንደሄደች አልጠየቅሽኝም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አልጠየቅሁም። ስለ ራሴ ነበር የማወራው።

ይርገዱ መርፌዋን ነቅላ ስትወጣ በር ላይ ያገኘቻት እትዬ ፈንታዬ ናት። ቤቷ ወስዳ ሦስት ቀን አኖረቻት። አጠበቻት፣ አጥሚት ሠራችላት። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ተመለሽ፣ እብጠት አለብሽ ብለዋል፣ እኔ ራሴ ይዤሽ እገባለሁ፣ ጎረምሶቹንም በመወልወያ እንጨት አባርርልሻለሁ እያለች ለመነቻት። በሦስተኛው ቀን ይርገዱ እሺ ልትል ደርሳ ነበር። ነጠላዋን ለብሳ ተነስታ ነበር።

"ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ" አለች እትዬ ፈንታዬ። "'ያች የጭልጋዋ ልጅ አለች?' አለችኝ። አለች አልኳት፤ ምን ልዋሻት። 'እንግዲያው አልገባም' አለች። ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠች። ስለ ወንዶቹ አልጠየቀችኝም፤ ስለ ሐኪሙም አልጠየቀችኝም።"

በነጋታው ወደ ቁረይሻ ተመለሰች። የሰሊጡ አጨዳ ሳያልቅ ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት። ወሬውን ለእትዬ ፈንታዬ ያመጡላት ለሥራ የሚመላለሱ ያገሯ ሰዎች ናቸው።

ከተቀመጥኩበት ወርጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ይቅር በይኝ አልኳት። እትዬ ፈንታዬ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። በቁጣ አልነበረም።

"እኔ ሥራ ነው ያጣሁ፤ ሌላ ሥራ አገኘሁ። የእኔን ይቅር ብየሻለሁ" አለችኝ። "የሷን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?"

እናንተም እንዳትሰጡኝ። ገና ተማሪ ነበረች፣ ሴት ናት፣ አሠራሩ ነው ያስገደዳት ብላችሁ እንዳታቀሉልኝ። ያን ሁሉ እኔ ለራሴ ስለው ኖሬያለሁ። አሠራሩ ክፉ ነበር፤ ዛሬም ክፉ ነው፤ እስክሞት እጮህበታለሁ። ነገር ግን ይርገዱ አሠራሩን ችላ፣ ያን ሁሉ ወንድ ችላ ልትመለስ ተነስታ ነበር። መታከም ትችል ነበር። ያልገባችው እኔ እዚያ ስላለሁ ነው።